ሬኒየር፣ ሮኪ ወይስ ዮሰሚቲ? ለድሮ ጓደኞች የበረዶ ጉዞ የቱ ይሻላል

በየዓመቱ ኖቬምበር ሲገባ የድሮ ጓደኞች የቴሌግራም ግሩፕ ይሞቃል። አብረው የተማሩት ልጆች አሁን አንዱ ሲያትል፣ አንዷ ዴንቨር፣ ሌላው ዳላስ፣ የቀሩት ቨርጂኒያ ናቸው። "ዘንድሮስ ሳንገናኝ ልንቀር ነው?" ይላል አንዱ። አንዷ የበረዶ ተራራ ፎቶ ትለጥፋለች። ሁሉም ልብ ይደረድርበታል። ከዚያ ቀን የሚቆርጥ ይጠፋና ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

ይህ መመሪያ ቀን መቁረጥ ለሚፈልጉት ነው። ሦስት ፓርኮችን አነጻጽራለሁ፦ ከሲያትል ደቡብ ያለውን ማውንት ሬኒየር፣ ከዴንቨር ሰሜን ምዕራብ ያለውን ሮኪ ማውንቴን፣ ከኦክላንድ ምሥራቅ ያለውን ዮሰሚቲ። ሦስቱም በብርዱ ወራት ክፍት ናቸው። ሦስቱም አጠገብ ሐበሻ በብዛት የሚኖርበት ከተማ አለ። ይሄኛው ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከኤርፖርት የሚቀበል፣ መንገዱን የሚያውቅ፣ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ እንጀራውን አስቀድሞ የሚያዝ ሰው እዚያ አለ ማለት ነው።

"ዲሲ ያለነውስ?" ለምትሉ፣ ሸናንዶዋ የሚባለው ፓርክ ቅርብ ነው፣ ያምራልም። ግን በረዶው አስተማማኝ አይደለም። በረዶው ሲመጣ ደግሞ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን መንገድ ይዘጉታል። ለኦክቶበር የቅጠል ወቅት አቆዩት።

ስትመርጡ "የቱ ያምራል?" ብላችሁ አትጀምሩ። ሁሉም ያምራል። "መንገዱ ቢዘጋ ምን እንሆናለን?" ብላችሁ ጀምሩ። ለዓመታት ያልተገናኙ ሰዎች ትኬት ቆርጠው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስደው፣ ልጅ ለሰው አደራ ሰጥተው ነው የሚመጡት። በረዶ ያለበት ተራራ ደግሞ መንገድ ይዘጋል፤ ጠባዩ ነው። ያ ቀን ሲመጣ የምትቀመጡበት ቦታ ነው ጉዞውን የሚያድነው ወይም የሚገድለው።

ሬኒየር፦ በረዶ በረዶ ካላችሁ

ሬኒየር ቁመቱ 4,392 ሜትር ነው። ከራስ ዳሸን ያንሳል፤ ይህን ለሲያትል ልጆች ማስታወስ ደስ ይላል። በበረዶ ግን የሚወዳደረው የለም። ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ሲገጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ የተሸከመውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ጎብኚ የሚወጣበት ፓራዳይዝ የሚባለው ቦታ ከፍታው 1,646 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙ ዝቅ ይላል። በአንድ ዓመት ግን በአማካይ ወደ 16 ሜትር በረዶ ይጥልበታል። በ1971-72 የብርድ ወቅት 28 ሜትር ተኩል ጥሎ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። በኋላ የነጠቀውም ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ዋሽንግተን ግዛት ያለው ማውንት ቤከር ነው።

ስለዚህ "በሕይወቴ በረዶ እስኪሰለቸኝ ልይ" የሚል ሰው ካለ መልሱ ፓራዳይዝ ነው። ከመኪና ስትወርዱ ከፓርኪንጉ ዳር የቆመው የበረዶ ግድግዳ ከራሳችሁ በላይ ይሆናል። ፓራዳይዝ ኢን የሚባለው የጥንት የእንጨት ሆቴል በዊንተር ይዘጋል፤ በረዶው እስከ ጣሪያው ይደርስበታል። ከተረገጠው መንገድ አንድ እርምጃ ወጣ ካላችሁ እግር እስከ ጭን ይሰምጣል። እዚህ ስኖው ሹ የሚባለው ሰፊ መርገጫ የግድ ነው። ሲያትል ውስጥ ተከራይታችሁ ብትመጡ ይሻላል። ወደ ላይ ወደ ላይ የሚያሰኘው ሰውም አይጠፋም። እዚህ ተራራ ላይ የበረዶ ናዳ አለ፤ ሥልጠና የሌለው ሰው ከፓራዳይዝ ዙሪያ ካለው ለጥ ያለ ሜዳ አይራቅ።

መንሸራተት የሚወዱ ካሉ፣ ፓራዳይዝ ላይ ለዚሁ የተከለለ ቦታ አለ። የፕላስቲክ ስሌድና የሚነፋ ጎማ ይፈቀዳል። የእንጨት ወይም ብረት ያለው ስሌድ ክልክል ነው። ቦታው በየዓመቱ በሰዓቱ አይከፈትም፤ በረዶው በቂ መሆን አለበት፣ ሠራተኛም መኖር አለበት። ለልጆች ቃል ከመግባታችሁ በፊት የፓርኩን ድረ ገጽ እዩ።

አሁን ወደዚያ ጥያቄ እንምጣ። መንገዱ ቢዘጋስ? ሬኒየር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በዊንተር መግቢያው በተግባር አንድ ነው፤ በአሽፎርድ በኩል ኒስኳሊ በር። ከበሩ አልፋችሁ ሎንግማየር ትደርሳላችሁ። ከሎንግማየር እስከ ፓራዳይዝ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ መንገድ ማታ ማታ በአጥር ይዘጋል። ጠዋት በረዶ ጠራጊዎቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ይከፈታል። ሌሊቱን ብዙ ከጣለ እስከ ቀትር ልትጠብቁ ትችላላችሁ፤ ጭራሽ ሳይከፈት የሚውልበት ቀንም አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሠራተኛ እጥረት ምክንያት በሥራ ቀናት ጨርሶ ያልከፈቱባቸው ወቅቶች ነበሩ። ማክሰኞና ረቡዕ ርካሽ ቤት አገኘን ብላችሁ እንዳትጣደፉ።

ከተዘጋ ሎንግማየር ላይ የሚቀራችሁ በጫካው ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ዙር መንገድ፣ ከዚያ ናሽናል ፓርክ ኢን ገብቶ ሻይ መጠጣት ነው። ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ ግን ያለው 25 ክፍል ብቻ ነው። በጊዜ ካልተያዘ አይገኝም። ሌላም ነገር አለ። ተራራው ራሱ በደመና ተሸፍኖ ለቀናት ላይታይ ይችላል። ሬኒየር ድረስ ሄዶ ሬኒየርን ሳያይ የተመለሰ ብዙ ነው።

የሬኒየር ትልቁ ጥቅም ሲያትል ነው። ከተማው ውስጥ በተራራው ስም የሚጠራው ሬኒየር ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ሞልቷል። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ሁሉንም ከዚያ ጭናችሁ ትወጣላችሁ። ሎንግማየር ለመድረስ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። አሽፎርድ መንደር ውስጥ ኩሽናና ምድጃ ያላቸው የእንጨት ቤቶች ይከራያሉ። አንዳንዶቹ ላይ ስልክ እምብዛም አይሠራም። ለድሮ ጓደኞች ይህ በረከት ነው እላለሁ፤ ሆስፒታል ተረኛ የሆነችው ጓደኛችሁ ግን ላትስማማ ትችላለች።

ሮኪ ማውንቴን፦ መንገድ ቢዘጋም የማይበላሽ ጉዞ

ሮኪ በቁመት ከሬኒየር ብዙም አያንስም። ከፍተኛው ጫፉ ሎንግስ ፒክ 4,346 ሜትር ነው። ጠባዩ ግን ሌላ ነው። ከባሕር የራቀ ደረቅ አገር ስለሆነ በረዶው እንደ ዱቄት ቀላል ነው። ተጨብጦ ለመወራወር እንኳ እምቢ ይላል። ነፋሱ ደግሞ እንደ ጉድ ነው፤ የጣለውን ጠርጎ ይወስደዋል። ኤስቴስ ፓርክ ከተማ ስትደርሱ ደረቅ ሣር ብታዩ አትደንግጡ። በረዶው ከላይ ነው። ቤር ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ስትወጡ ሁሉ ነገር ነጭ ይሆናል።

ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ኤስቴስ ፓርክ 2,293 ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ከአዲስ አበባ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ቤር ሌክ 2,888 ሜትር ነው፣ ወደ እንጦጦ ይጠጋል። "እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለእኔ ምኔ ነው" የሚል ይኖራል። ሂውስተን ወይም ዳላስ ከኖረ በኋላ ሰውነቱ ያንን ረስቶታል። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ሲወጡ ማለክለክ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ዴንቨር ወይም ኦሮራ እደሩ፤ እዚያ ከፍታው 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። ኦሮራ የሐበሻ ምግብ ቤት እንደ ልብ ነው። ክትፎ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ተኙ፣ በማግስቱ ውጡ። ውስኪውን ለሁለተኛው ማታ አቆዩት። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ጓደኛ ካለ ከሐኪሙ ሳይነጋገር እዚህ አይምጣ። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ ሌሎቹ ሁለት ፓርኮች ይሻላሉ።

ሮኪን ለድሮ ጓደኞች የሚመቸው የሐይቆቹ አቀማመጥ ነው። ከቤር ሌክ የሚነሳው መንገድ ሦስት ሐይቅ በተከታታይ ያገናኛል። ኒምፍ ሌክ አንድ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይደረሳል። ድሪም ሌክ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ኤመራልድ ሌክ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጉልበቱ የሚያመው ኒምፍ ላይ ፎቶውን ተነስቶ ይመለሳል። መካከለኛው ድሪም ላይ ይቀራል። ጂም የሚሠራው ኤመራልድ ድረስ ይሄዳል። ማንም ማንንም አይጎትትም፣ ማንም በማንም አያፍርም። ከሃያ ዓመት በኋላ የተገናኘ ቡድን ውስጥ አቅም አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱ ማራቶን ይሮጣል፣ ሌላው ደግሞ ከሶፋ ከተነሳ ቆይቷል።

እዚህ ስኖው ሹ ሁልጊዜ አያስፈልግም። መንገዱ በብዙ እግር ስለሚረገጥ ጠንክሮ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። የሚያስፈልገው ጫማ ላይ የሚጠለቀው ባለ ጥርስ ሰንሰለት ነው፤ ማይክሮስፓይክ ይሉታል። ኤስቴስ ፓርክ ውስጥ ይከራያል። የሰውየው ስኒከር ምንም ያህል ውድ ቢሆን ያለ እሱ ኒምፍም አይደርስም።

ለስሌድ ሂደን ቫሊ አለላችሁ። ድሮ የበረዶ ሸርተቴ ማዕከል ነበር፣ በ1991 ተዘጋ። አሁን በፓርኩ ውስጥ ስሌድ የሚፈቀድበት ብቸኛው ቦታ ነው። ወደ ላይ የሚስብ ማሽን የለም፤ ስሌዳችሁን ጎትታችሁ በእግር ትወጣላችሁ፣ ትንሸራተታላችሁ፣ እንደገና ትወጣላችሁ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ሦስተኛው ዙር ላይ ቁጭ ብሎ ዳኛ ይሆናል።

መንገዱ ቢዘጋስ? ትሬይል ሪጅ የሚባለው ዝነኛው ከፍተኛ መንገድ ከኦክቶበር አጋማሽ ገደማ እስከ ሜይ መጨረሻ ዝግ ነው፤ ስለዚህ በእሱ የሚያዝን የለም፣ ከመጀመሪያውም አልተቆጠረም። የቤር ሌክ መንገድ ዓመቱን ሙሉ ይጠረጋል። እሱም ለአንድ ቀን ቢዘጋ ያላችሁት ከተማ ውስጥ ነው። ካፌ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ሱፐርማርኬት አለ። ኤልክ የሚባሉት ትልልቅ አጋዘኖች በዊንተር ከተራራው ወርደው በቤቶቹ መካከል ይግጣሉ። በመስኮት እያያችኋቸው ቡና ታፈላላችሁ። አትጠጓቸው ብቻ፤ ሰው ይወጋሉ።

ከዴንቨር ኤርፖርት ኤስቴስ ፓርክ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ዴንቨር ደግሞ ከብዙ ከተማ ቀጥታ በረራ አለው። ከአምስት ከተማ የሚመጡ ሰዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ከፈለጋችሁ ይሄ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጉዞ ሮኪን እመርጣለሁ። በረዶው ከሬኒየር ያንሳል፣ ዕይታው ከዮሰሚቲ ያንስ ይሆናል፣ የሚከሽፍበት ዕድል ግን ከሁለቱም ያነሰ ነው።

ዮሰሚቲ፦ ወላጅና ልጅ ካለ፣ መኪና ከሌለ

የዮሰሚቲ ሸለቆ 1,220 ሜትር ላይ ነው። ዝቅተኛ ስለሆነ የሚወርደው አንዳንዴ በረዶ፣ አንዳንዴ ዝናብ ነው። ትናንት ነጭ የነበረው ዛሬ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በረዶው ሲጥል ግን፣ የኤል ካፒታንና የሃፍ ዶም ግዙፍ ድንጋዮች ነጭ ደርበው ሲቆሙ፣ ከሦስቱ የሚስተካከለው የለም። ያውም ለማየት ተራራ መውጣት የለም። ከሆቴሉ በር ወጥቶ ቀና ማለት ብቻ ነው።

ለዚህ ነው እናታቸውን ወይም ትንንሽ ልጆችን ይዘው ለሚመጡ የምመክረው። ሸለቆው ሜዳ ነው፣ ነፃ አውቶቡስ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። ኩሪ ቪሌጅ ላይ የአይስ ስኬቲንግ ሜዳ አለ። ባጀር ፓስ ደግሞ ከ1935 ጀምሮ ያለ ትንሽ የስኪ ማዕከል ነው፤ በሕይወቱ ስኪ ረግጦ ለማያውቅ ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። የሚከፈተው በረዶው ሲፈቅድ ነው። መኪና መንዳት የማይፈልግ ቡድን በአምትራክ ባቡር መርሴድ ድረስ መጥቶ ከዚያ ያርትስ የሚባለውን አውቶቡስ ይይዛል። ከሦስቱ በሕዝብ ትራንስፖርት በቀላሉ የሚደረሰው ይሄ ብቻ ነው። በመኪና ከሆነ ከኦክላንድ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ መንገድ ቁጥር 140ን ያዙ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ስለሚያልፍ በረዶው ይቀልለታል።

ችግሩ ማረፊያ ነው። ሸለቆው ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ኩሽና የላቸውም። አዋኒ ሆቴል በ1927 የተከፈተ ነው፣ ንግሥት ኤልዛቤጥም በ1983 አርፋበታለች፤ ዋጋውም ያንን ያስታውሳል። ኩሽና ያለው ቤት ከፈለጋችሁ ዮሰሚቲ ዌስት ወይም ከፓርኩ ውጭ ማሪፖሳ ነው የሚገኘው። እንደ ቤተሰብ አንድ ድስት ከቦ ለመቀመጥ ለሚፈልግ ቡድን ይህ ያስቸግራል። አንዱ ክፍል 214፣ ሌላው 308 ሆኖ "እንደምን አደራችሁ" ለመባባል ኮሪደር መሻገር ጨዋታውን ይሰብረዋል።

ፌብሩዋሪ ላይ የምታስቡ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ። በወሩ አጋማሽና መጨረሻ ሆርስቴይል የሚባለው ቀጭን ፏፏቴ በጀምበር መጥለቂያ ብርሃን እንደ እሳት ይቀላል። የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ሰማዩ ጥርት ማለት አለበት፣ ፏፏቴውም ውሃ ሊኖረው ይገባል። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ ይጎርፋል። በአንዳንድ ዓመታት ለመግባት አስቀድሞ መመዝገብ ግዴታ ነበር። ፎቶ አንሺ ጓደኛ ካላችሁ ይሂድ። ቁጭ ብሎ ለመጫወት የሚመጣ ቡድን ግን ከእነዚያ ሳምንታት ይሽሽ።

መንገድ ቢዘጋ? ሸለቆው ውስጥ ካላችሁ ብዙም አይሰማችሁም፤ ምግብም መኝታም አለ። ውጭ ማሪፖሳ ከሆናችሁ ግን ፓርኩን ሳታዩ ቀናችሁ ያልቃል። የከፋው ሲመጣ ደግሞ ውስጥም ውጭም አይለይም። በ2023 ፌብሩዋሪ መጨረሻ የጣለው በረዶ ፓርኩን ለሦስት ሳምንት ያህል አዘግቶታል። እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥምም፣ ግን ያጋጥማል።

ስለ መኪናና ሰንሰለት ሳታውቁ አትነሱ

በሬኒየር ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ማንኛውም መኪና የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታው ነው። ፎር ዊልም ቢሆን። ካሊፎርኒያ ውስጥም ሰንሰለት ግዴታ ወደሆነበት መንገድ ስትገቡ እንዲሁ ነው፤ ፎር ዊል ሆኖ የበረዶ ጎማ ያለው ባያስርም ይዞ መገኘት አለበት። ኮሎራዶ ትንሽ ይለያል። ደህና የበረዶ ጎማ ወይም ጥርሱ ያላለቀ ፎር ዊል ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ወጥመዱ ኪራይ መኪና ላይ ነው። ብዙ አከራዮች ውላቸው ላይ ሰንሰለት ማሰርን ይከለክላሉ። ፓርኩ "ያዝ" ይላል፣ አከራዩ "አታስር" ይላል። መኪናው ቢጎዳ ኢንሹራንሱ እጁን ያወጣል። ስለዚህ ሬኒየር ከሆነ ምርጫችሁ የሲያትል ልጅ በራሱ መኪና ይንዳ፤ ነዳጁን ሌሎቻችሁ ሸፍኑ። ይህ ደግሞ ሮኪን የሚያስመርጥ ሌላ ምክንያት ነው።

ሰንሰለቱን የሚያስረው ሰው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ አንድ ጊዜ ይለማመድ። መንገድ ዳር በረዶ ላይ ተንበርክኮ መመሪያ ማንበብ የትም አያደርስም። ከጎማው ጀርባ ያለውን መንጠቆ በዓይን ማየት አይቻልም፤ በጣት እየዳበሱ ነው የሚያገናኙት። ወፍራም ጓንት ከለበሱ ጣት አይታዘዝም፣ ካወለቁ ብረቱ ያቃጥላል። ቀጭን የጎማ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት፣ ለጉልበት የሚነጠፍ አሮጌ ጆንያ ወይም የመኪና ምንጣፍ ይያዝ። ሰንሰለቱ የሚገባው መኪናውን በሚገፋው ጎማ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች ላይ የፊተኛው ማለት ነው። አስራችሁ ከ30 ማይል በላይ አትንዱ። ዲሴምበር ላይ ሬኒየር በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ በ4:20 ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ በጨለማ እንዳትወርዱ።

ቀኑን በማን ጾም እንቁረጥ?

ይሄ የፈረንጅ መመሪያ ላይ አታገኙትም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። የፈረንጅ ገና ሁልጊዜ፣ ታንክስጊቪንግም ብዙውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። ከቡድኑ ግማሹ ጾመኛ ከሆነ ሥጋ የሚጠብሰውና ሽሮ የሚሠራው ለሁለት ይከፈላል። ሁዳዴ አንዳንድ ዓመት በፌብሩዋሪ አጋማሽ ይገባል፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ ዙሪያ እየዋለ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ 2,888 ሜትር ላይ መራመድ ለማንም አይመከርም።

የእኔ ምርጫ ከገና በኋላ ያለው የመጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ነው። ታኅሣሥ 29 እያንዳንዱ ከቤተሰቡ ጋር ያከብራል፣ ከዚያ ይሰባሰባል። የፈረንጅ በዓል ግርግር ስላለፈ ትኬትም ቤትም ይረክሳል። በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ረጅም ዕረፍት ስለሆነ ያጓጓል፣ ግን አንዳንድ ዓመት ከጥምቀት ጋር ይጋጫል። ታቦት የሚያጅብ ጓደኛ ካላችሁ አታስቡት።

ቤት፣ ድስትና እጣን

ሆቴል ሳይሆን አንድ ትልቅ ቤት ተከራዩ። ኩሽናው የጉዞው እምብርት ነው። እንጀራ ከከተማ ይጫናል፤ ድርቆሽና ቋንጣ ከያዛችሁ ደግሞ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ብትቀመጡም አትራቡም። ኤስቴስ ፓርክ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክክ ለመብሰል ይለግማል፤ ማታ ዘፍዝፉት ወይም ፕሬሸር ኩከር ያዙ። ዮሰሚቲ ከሆናችሁ ማታ መኪና ውስጥ ምግብ አታስቀምጡ። ድቡ የመኪና በር እንደ ቆርቆሮ ይገነጥላል።

ጀበና አትርሱ። እጣኑ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የኪራይ ቤት የጭስ መቆጣጠሪያ የሐበሻን ቡና አያውቅም፤ ገና ሁለተኛው ፍሬ ሳይጤስ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። አንዳንዱ ባለቤት ስልክ ላይም መልእክት ይልካል። ቡናውን የአየር መሳቢያው ሥር ቁሉ፣ እጣኑን በረንዳ ላይ አጭሱ፣ ወይም የተቆላ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። መቆጣጠሪያውን ግን እንዳታጠፉት፤ የእንጨት ቤት ነው፣ ምድጃም አለ።

ልብስ ላይ አንድ ምክር ብቻ። ጥጥ ተራራ ላይ አይረባም። ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀት ያስወጣል። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ይሁን። ጂንስ ቤት ይቅር። ጋቢ ይምጣ፣ ለምድጃው ዳር።

ክፍያ

ሬኒየር ለአንድ መኪና 30 ዶላር፣ ሮኪና ዮሰሚቲ 35 ዶላር ነው፤ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ዓመታዊው ካርድ አሜሪካ ለሚኖር ሰው 80 ዶላር ነው፤ አንዳችሁ ካላችሁ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ በእሱ ይገባል። ካርድ ያዙ፤ ሬኒየር ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

አዲስ የመጣው ነገር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በአሜሪካ የማይኖር ሰው ላይ የተጨመረው ክፍያ ነው። ዓመታዊ ካርድ ከሌለው አሥራ አንድ ፓርኮች ላይ በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል። ሮኪና ዮሰሚቲ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ፣ ሬኒየር የለበትም። ስለዚህ ከቶሮንቶ ሁለት፣ ከለንደን አንድ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የሚመጣ ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል፤ ሬኒየር የሚያስቀረውን እስከ 400 ዶላር በአሽፎርድ የተሻለ ቤት ላይ ማዋል ይቻላል። አሜሪካ የምትኖሩትም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ቤቱን የሚይዘው ሰው አንድ ይሁን፣ ገንዘቡ በዜል ለእሱ ይግባ። "እመጣለሁ" ያለ ሁሉ አይመጣም፤ የከፈለ ነው የሚመጣው። ከመክፈሉ በፊት ግን የስረዛ ደንቡን ያንብብ። "መንገድ ተዘጋ" ብሎ ገንዘብ የሚመልስ አከራይ ጥቂት ነው። ለሬኒየር እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት መሰረዝ የሚፈቅድ ቤት ብቻ ያዙ፣ ትንሽ ቢወደድም። ለኤስቴስ ፓርክ ይህን ያህል መጨነቅ የለም፤ ያው ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው።